አዲስ ቀለም ያልነካው ሞተር

አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበረ። መኪናው አሮጌ ናት፤ ሞተሯ ስድስት ሲሊንደር ያለው፣ ስድስቱም ለደቦ እንደወጣ አራሽ በአንድ መስመር የተሰለፉ። ታገስ እንጂ ይርዳው ልጄ፤ ጥያቄህን አልዘለልኩትም። «መጠጥ ትቻለሁ፣ ሰው ግን አላመነኝም፤ ማንም ወደማያውቀኝ አገር ሄጄ ኑሮ ልጀምር ወይ?» ብለኸኛል። መልሱ ያለው ከዚህ ሾፌር ዘንድ ስለሆነ አስቀድመህ የእሱን ስማ።

ሾፌሩ ከቆላው ገበያ ወደ ደጋው ከተማ ሰውና ጭነት ይዞ ይመላለስ ነበር። በመካከል አንድ ክፉ ዳገት አለ፤ ባንድ ወገኑ ገደል፣ ባንድ ወገኑ ቋጥኝ። መኪናዋን የማያውቃት የለም። ድምጿ ከሩቅ ሲሰማ ገበያተኛው «እሜቴ መጣች» እያለ ከረጢቱን ያነሳል። ሾፌሩም በሷ ተከብሮ ይኖር ነበር። ሰርግ ቤት ቢገባ «የእሜቴ ባለቤት» ተብሎ ከፍ ያለ ቦታ ይሰጠዋል፤ ይህም ደስ ይለዋል።

አንድ ዓመት ክረምቱ እንደወጣ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ። ከሆዱ ውስጥ ሆኖ ሰው በር የሚመታ ይመስላል። ሾፌሩ ነገሩ ምን እንደሆነ አልጠፋውም፤ የዚህ ሙያ ሰው ሁሉ ያንን ድምፅ ያውቀዋል፣ ይፈራዋልም። ነገር ግን ሞተር አስፈትቶ መቆም ገበያውን ለሌላ መኪና መልቀቅ ነው። ስለዚህ ወፍራም ዘይት ጨመረበት። ወፍራም ዘይት የተበላውን ብረት አያድነውም፤ ድምፁን ብቻ ያፍነዋል። ሞተሩ ዝም አለ። ተሳፋሪ «ምነው ድምጿ ተለወጠብኝ?» ብሎ ሲጠይቀው «ደህና ናት፤ ከኔም ከአንተም ትሻላለች» እያለ ይስቃል። ዘይቱ ሲሳሳ ድምፁ ይመለሳል፤ እሱም ሌላ ይጨምራል። ነገሩ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። አትሳቅ ይርዳው፤ አንተስ ጠጥተህ በመጣህ ቁጥር ያንን ማስቲካ የምታላምጠው ለምን ነበር?

አንድ የገበያ ቀን መኪናዋ ዳገቱን እኩል እንደወጣች ሞተሩ ግሎ ብረት ብረቱን ነከሰና ቀጥ አለ። ፍሬኑ ጭነቱን አልቻለውም። መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራተተች፤ ሰው እየጮኸ ዘለለ። እግዜር ሲያወጣቸው የኋላ ጎማዋ ቋጥኙ ላይ ገጥሞ ቆመች። ሰው አልሞተም። ጭነቱ ግን ተገለበጠ። ከዚያ ውስጥ የአንዲት ሸክላ ሠሪ ጋንና ምንቸት ነበረበት፤ አንድም ሳይተርፍ ደቀቀ። ሴትዮዋ አልጮኸችም፣ አልተራገመችም። ስባሪውን በእግሯ ገፋ ገፋ አደረገችና «ደህና ናት ብለኸኝ ነበር» አለችው። ሾፌሩ በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።

መኪናዋን አስጎትቶ ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወሰዳት። መካኒኩ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። «ሞተሩን እኔ እፈታዋለሁ፤ ክፍሎቹን የምታጥበው ግን አንተ ነህ» አለው። ሾፌሩ እጅጌውን ሰብስቦ በነጭ ጋዝ ማጠብ ያዘ። የዘይት ቋቱ ሲወርድ ሥሩ ላይ እንደ ወርቅ ብናኝ የሚያብረቀርቅ ነገር ተኝቶ አየ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ፤ እያወቀ።

«ብሮንዚናህ ነዋ። ዘንጉ ተንተርሶት የሚዞረው ስስ ብረት። አንተ በዘይት ስታባብለው እሱ እየተፈጨ እዚህ ይጠራቀም ነበር።»

ሾፌሩ ብናኙን በጣቱ ነካው። ማንም አላየኝም ያለው ነገር ሁሉ እዚያ ተኝቷል። ዓይኑ እንባ አቀረረና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። መካኒኩም አይቶ እንዳላየ ሥራውን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ ውስጡ አንድ ሳይቀር ታደሰ። ሲሊንደሮቹ ቶርኖ ቤት ሄደው ተጠረቡ፤ አዳዲስ ፒስተኖች ገቡ፤ ብሮንዚናው ተለወጠ፤ የተበላው ዘንግ ተስተካከለ። የውጭውን መልክ ግን መካኒኩ እንደነበረ መለሰው። ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀባው አረንጓዴ ቀለም ታጥቦ የቀረው ቀረ፣ የለቀቀውም እንደለቀቀ ተተወ። በእጅ የታጠፈችው የመዳብ ቱቦ ተወልውላ ቦታዋ ገባች። ጤነኛ ብሎን ሁሉ ወደ ገዛ ቀዳዳው ተመለሰ። ያን ቀን በሙቀቱ የተሰነጠቀው ጎኑ በብረት ተሰፍቶ ተጠገነ፤ ስፌቱ ግን ጠባሳ ሆኖ ይታያል።

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ከለፉበት አይቀር፣ ቀለም ጣል ቢያደርጉበት ምናለ?» አለ ሾፌሩ።

«ቀለም ከቀባሁት ስንጥቁ ውሃ ሲያልብ በምን አየዋለሁ? ይታየኝ፤ ተወው» አለ መካኒኩ።

ሾፌሩ ቁልፉን ሲያዞር ስድስቱም ሲሊንደሮች ባንድ ላይ ተነሡ። ድምፁ ለስላሳና ሙሉ ነበረ። ሰውዬው በደስታ መሪውን ሳመው። በማግስቱም እልልታ የሚጠብቀው መስሎት ወደ ገበያው ነዳ።

ገበያተኛው ኮፈኑን ከፍቶ ተመለከተ። ያው አረንጓዴ፣ ያችው ቱቦ፤ ጭራሽ ጠባሳ ጨምራለች። «ምኗ ነው የታደሰው?» አለ አንዱ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ሌላ መኪና ገና ስላልመጣ ተሳፈሩ። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ግን የጋቢናውን ጣሪያ ይደበድቡ ጀመር፦ «አውርደን! አውርደን!» ሁሉም ወረዱ። መኪናዋ ወደ ኋላ ብትመለስ ከጎማዋ ሥር የሚጥሉት ድንጋይ እየያዙ በእግራቸው ተከተሏት። ሸክላ ሠሪዋም ጋኖቿን አንድ በአንድ አውርዳ በጀርባዋ እያዘለች ስትመላለስ ዋለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ማን ይፈርድባታል? ሾፌሩ ባዶ መኪና ይዞ አናቱ ላይ ወጥቶ ጠበቃቸው። በላብ ተጠምቀው ደረሱ፤ ድንጋያቸውን ከመንገዱ ዳር ጣሉ፤ ተሳፈሩ።

በሚቀጥለው ገበያም እንዲሁ ሆነ። ከዚያም በኋላ እንዲሁ። ዳገቱ አናት ላይ ድንጋዩ እየተከመረ ሄደ። ሾፌሩ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተናደደ፣ በመጨረሻ ግን ልቡ ተሰበረ። «እኔን የሚወግሩበትን ነው ያከማቹት» አለ። መኪናዋን አዙሮ ወደ መካኒኩ ሄደ።

«ጋሼ፣ ቀለም ይቀቡልኝ። ሞተሩንም፣ ኮፈኑንም፣ ሁሉንም። ማንም ወደማያውቃት አገር ወስጄ እሠራባታለሁ።»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እኔ ቀለም የምቀባው ለሚሸጥ ሞተር ነው። ልትሸጣት ነው እንዴ?»

«ኧረ እኔ አልሸጣትም!»

«እዚያ አገርስ ኮፈኑን ከፍተው የሚያብለጨልጭ ቀለም ሲያዩ ምን የሚሉ ይመስልሃል?»

ሾፌሩ ራሱ ቢያይ ምን እንደሚል ያውቀዋል። መኪና የሚያውቅ ሰው አዲስ ቀለም የለበሰ አሮጌ ሞተር ካየ፣ ከቀለሙ ሥር የተደበቀውን መፈለግ ነው ሥራው።

«ደግሞ ስማኝ» አለ መካኒኩ። «በሰው አገር ዳገት ብትወጣ፣ መኪና ዳገት ወጣ ነው የሚባለው። ይህን ዳገት ስትወጣ ምን እንደወጣህ የሚያውቁት እነዚሁ ድንጋይ የያዙት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንተ ሸሽተህ እነሱን ከየት ልታመጣ ነው?»

ሾፌሩ ቀለሙን ትቶ ተመለሰ።

በሚቀጥለው ገበያ ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ጣሪያው እስኪደበደብ አልጠበቀም። ራሱ አቆመ፣ ራሱ ወረደ፣ ኮፈኑን ከፈተ። «ውረዱ» አላቸው፤ «መውረዳችሁ ትክክል ነው። ያኔ ሞተሩ ሲያንኳኳ እንዳትሰሙ ወፍራም ዘይት እጨምርበት ነበር። ደህና ናት ስላችሁ እያወቅሁ ነበር የዋሸኋችሁ።» የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ሳበና ወደ ሰዎቹ ዘረጋው። «የአሁኑን እናንተው እዩት።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ፤ የሚቀርብ ግን ጠፋ። ሸክላ ሠሪዋ ጋን ለማውረድ ገመድ እየፈታች ነበር። ገመዱን ትታ መጣች። ዘንጉን ተቀብላ ጫፉ ላይ ያለውን ዘይት በሁለት ጣቷ መሀል ፈተገችው፤ ጭቃ ስትመርጥ እንደምታደርገው፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ረጋ ብላ።

«ቀጭን ነው» አለች።

«ቀጭን ነው እትዬ። ካንኳኳች እርስዎም ይሰሟታል።»

ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «እንግዲያው ሸክላዬ ካንተ ጋር ይውጣ። እኔ ለዛሬ በእግሬ ነኝ።»

አንዱ ሳቀና «እትዬ፣ ነፍስዎ ነው የተወደደው ወይስ ሸክላው ነው የረከሰ?» አላት።

«ነፍሴን ሰብሮብኝ አያውቅም» አለች። «የሰበረው ሸክላዬን ነው። ከዚያው ይጀምር።»

ሾፌሩ መሪውን ያዘ። ከኋላው ሰው የለም፤ በገለባ መሀል የተደረደረ ሸክላ ብቻ አለ። የዚያች ሴት የብዙ ቀን ድካም፣ የልጆቿ ጉሮሮ። በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ወጣ። ያን ቀን ሞተሩ የቆመበት ቦታ ሲደርስ ጆሮውን ጣለ። የሚያንኳኳ ነገር አልነበረም። ሞተሩ ሳይቸኩል፣ ሳያጉረመርም ጎተተ፤ ቋጥኙ በጎኑ አለፈ፤ ከፊቱ የደጋው ሜዳ ተዘረጋ። መኪናዋን አቁሞ ወረደና የጋቢናው መወጣጫ ላይ ቁጭ አለ።

ሰዎቹ ደረሱ። ሸክላ ሠሪዋ ጭነቱ ላይ ወጣች። ጋኑን በጣቷ መገጣጠሚያ ኳ አደረገችና ጆሮዋን አስጠጋች። ምንቸቱንም እንዲሁ። ሁሉንም አንድ በአንድ አዳመጠቻቸው። ሰዉ ቆሞ ይጠብቃል፤ የሚስቅም የለ። ስትጨርስ ወደ ታች ጎንበስ ብላ «በል ለእሜቴ ውሃ ጨምርላት፤ ደክሟታል» አለችና እዚያው ጭነቱ ላይ ቦታዋን ያዘች።

ሾፌሩ አለቀሰ። በዚህ ጊዜ ፊቱን አላዞረም።

ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ ዳገቱ ሥር መውረዷን ተወች። ሌላውም ዛሬ አንዱ፣ በሌላ ገበያ ሁለቱ እያለ ተቀመጠ። ሁሉም ተቀመጠ ብዬ ግን አልዋሽህም። አንድ ሽማግሌ እስኪሞቱ ድረስ ያንን ዳገት ድንጋይ ይዘው በእግራቸው ነው የወጡት። ሾፌሩም እስኪደርሱ አናቱ ላይ ይጠብቃቸው ነበር፤ ሲደርሱ ድንጋዩን ከእጃቸው ይቀበልና ደግፎ ያሳፍራቸዋል። አንድ ቀን እንኳ «አሁንም አላመኑኝም?» ብሎ አልጠየቃቸውም።

እንግዲህ ይርዳው ልጄ፣ ሾፌሩም ሞተሩም አንተ ነህ። ውስጥህ መታደሱን እኔ አምንሃለሁ። መልክህ ግን ያው መልክህ ነው፤ አገር ሁሉ የሚያውቀው፣ ጠባሳው የሚታይ። ሌላ አገር ሄጄ ልቀባው ነው የምትለኝ። ብትሄድ ሰዎቹ «ጨዋ ሰው መጣ» ይሉህ ይሆናል፤ ከምን እንደወጣህ ግን አንድ የሚያውቅልህ አታገኝም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል ሰምተሃል፤ ሰው ሁሉ እውነትና ንጋት የሚለውን ይይዝና እያደር የሚለውን ይዘለዋል። አንተ አትዝለለው። የሚወርደው ይውረድ፤ ድንጋይም ይያዝ፤ ያስያዝከው አንተ ነህ። አንተ ዳገትህን ውጣና ጠብቃቸው። ደግሞም ከሰበርከው ነገር ጀምር፤ ካልሰበርከው ነገር አትጀምር።

አንተ ማታ ስትገባ ሚስትህ በር ላይ አቁማህ አፍህን እንደምታሸት ስትነግረኝ ድምፅህ ተሰብሮ ነበር። አውቃለሁ፤ ያማል። ዛሬም ታሸትሃለች። ታሽትት። እሷ አጭር ናት፤ አንተ ጎንበስ በልላት።