ጃርት የብቻነትን ዕጣ ያወጣች ዕለት

የእጅ ጽሑፌ ስለማያምር አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ «ሀ» እና «ሐ» ዛሬም ይምታቱብኛል። ፊደል ስቼ ብታገኙ በልባችሁ አርሙትና እለፉ። በአፌ ልነግራችሁ አስቤ ነበር፤ ግን ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል። እናንተ «ተረት አምጪ» በሉኝ፤ እኔም ላምጣ።

ድሮ ድሮ፣ ቅል አፍ አውጥቶ ሲናገር፣ ጥላም ሰዓት ሲቆጥር፣ ከአንድ ትልቅ አለት ሥር አንዲት ጃርት ትኖር ነበር። ከአለቱ በላይ ሽኮኮዎች ይኖራሉ፤ ከአለቱ በታች ጃርት ትኖራለች። ሽኮኮዎቹ ጠዋት ጠዋት ተደጋግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ይተማማሉ፣ ይሳሳቃሉ። ጃርት ከጉድጓዷ ሆና ታዳምጣቸዋለች። ቀልዳቸው ሲያስቃት አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች፤ እንዳይሰሟት።

አንድ ቀን «ከእናንተ ጋር ልቀመጥ?» ልትላቸው ወጣች። ነገር ግን ስትፈራ እሾኋ ይንቀጠቀጣል፤ ሲንቀጠቀጥም ይንኳኳል። ኮሽ ኮሽ ኮሽ! ሽኮኮዎቹ «ተቆጣች!» ብለው ሸሹ። በሁለተኛው ቀን ወጣች፤ ኮሽ ኮሽ ኮሽ፤ ሸሹ። በሦስተኛው ቀን ወጣች፤ ገና ጥላዋን ሲያዩ ሸሹ። ከዚያ በኋላ አልወጣችም።

መስከረም ሲጠባ ቁራ በየጫካው እየዞረ አዋጅ ነገረ።

«ስሙ! የንግግር ውድድር ደርሷል! የተጠና ንግግር አለ፣ ድንገተኛ ንግግር አለ፣ ክርክር አለ! በጥንድ የሚቀርብ ጭውውትም አለ! ሦስቱን ዙር ያሸነፈ ከሸንጎው አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ሸንጎውም እምቢ አይልም!»

ጃርት ይህን ስትሰማ ልቧ ዘለለ። «ባሸንፍ» አለች ለግድግዳዋ፣ «ከሽኮኮዎቹ ጋር ፀሐይ ልሙቅ ብዬ እጠይቃለሁ። ሸንጎው ካዘዘ አይሸሹም።» ግድግዳው ዝም አላት። ለጥንድ ጭውውቱ አልተመዘገበችም፤ ጥንድ የላትማ። ለሦስቱ ዙር ግን ተመዘገበች።

የመጀመሪያው ዙር የተጠና ንግግር ነበር። ጃርት ስለ ሥራ ሥር ጣዕም ሌሊትና ቀን አጥንታለች። ሸንጎው መሐል ቆመች። ያ ሁሉ ዓይን አያት። እሾኋ ተንኳኳ፤ ኮሽ ኮሽ ኮሽ!

አያ ጅቦ ከኋላ ሆኖ «ጉድ በሉ! ንግግሩ ሳይጀመር ለራሷ አጨበጨበች!» አለ። ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ።

ጃርት ዓይኗን ጨፈነች። አፍንጫዋን ወደ መሬት ደፍታ ለጉድጓዷ ግድግዳ እንደምትናገረው ተናገረች። ድምፅዋ ትንሽ ነበር፤ ትንሽ ስለነበረ ሁሉም ለመስማት ዝም አለ። ዳኛው አባ ኤሊ «ምራቄን አስዋጠችኝ፤ ትለፍ» አሉ።

ሁለተኛው ዙር ድንገተኛ ንግግር ነበር። ተወዳዳሪው እጁን ወደ ቅል ሆድ ይሰድዳል፤ ያወጣው ነገር ርዕሱ ነው። ሸንጎው የተቀመጠበት የሾላ ዛፍ ጥላ አንድ ስንዝር እስኪሄድ ያስባል፤ ሌላ ስንዝር እስኪሄድ ይናገራል። ጃርት እጇን ሰደደች፤ ድንጋይ ወጣላት።

«እኔ የማውቀው አንድ ድንጋይ አለ» አለች። «ከላዩ ፀሐይ ይሞቅበታል። ሙቀቱ ግን ቀስ እያለ ነው ወደ ታች የሚወርደው። ከታች ላለው ሲደርሰው፣ ከላይ የነበሩት ሁሉ ወደ ቤታቸው ገብተዋል።»

ሌላ ልትጨምር ነበር፤ ጥላ «ደርሻለሁ፤ በቃ!» አለ። ከዚያ አባ ኤሊ «ትለፍ» አሉ።

ሦስተኛው ዙር ክርክር ነበር። የቀሩት ጃርትና ጉሬዛ ብቻ ናቸው። ጉሬዛ ነጭ ካባው እስከ መሬት የሚወርድ፣ አፉ እንደ ማር የሚጣፍጥ ነው። አባ ኤሊ ርዕሱን ተናገሩ፦ «ለኑሮ የሚሻለው የትኛው ነው? ብቻነት ወይስ ጉርብትና?»

የክርክር ሕጉ ይህ ነው፤ ወገንን የሚመርጠው ተከራካሪው አይደለም፤ ቅል ነው። ነጭ ጠጠር ያወጣ ስለ ጉርብትና ይናገራል። ጥቁር ጠጠር ያወጣ ስለ ብቻነት ይናገራል። ጉሬዛ ነጩን አወጣ። ለጃርት ጥቁሩ ቀረ።

ጃርት ወደ ቅል ጆሮ ጠጋ ብላ «እባክህ ቀይርልኝ» አለችው።

«ከሆዴ የወጣ አይመለስም» አለ ቅል። «ሥራዬ ማደል ነው። ልብሽን እኔ የት አውቄው?»

ጉሬዛ ጀመረ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል! ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል!»

«ማንን?» አለ አንበሳ ከተኛበት ቀና ብሎ።

«ለአባባሉ ነው ጌታዬ፣ ለአባባሉ!» አለ ጉሬዛ ቶሎ ብሎ። «እኔ ደጄን አልዘጋም። ቤቴ ቤታችሁ ነው! ጎረቤት የሌለው ዛፍ እንኳ ነፋስ ይጥለዋል!» ሸንጎው አጨበጨበ።

የጃርት ተራ ደረሰ። ዝም ብትል ትሸነፋለች፤ ብትሸነፍ መጠየቅ አትችልም። ስለዚህ ተናገረች።

«ብቻውን የሚኖር ማንንም አይሸኝም» አለች። «ስለዚህ ማታ አያዝንም። ስሙን የሚጠራው የለም፤ ስለዚህ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው የለም። ቢታመም ለምን ታመምክ አይባልም። ቢስቅ ምን አሳቀህ አይባልም። ምግቡን ለሁለት አይከፍልም፤ ወሬውንም ለሁለት አይከፍልም። ክረምቱ ሲገባ እንዳለ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣም እንዳለ ነው። ማንም አይጎድልበትም።»

ብቻነትን እንደሷ የሚያውቀው አልነበረም። ጓዳውን ታውቃለች፣ ማዕዘኑን ታውቃለች። የምታውቀውን ሁሉ አንድ በአንድ ቆጠረችው። እንስሳቱም እርስ በርሳቸው «አሃ! ለካ እንዲህ ትወደዋለች!» ተባባሉ። ቅል ጠጠር ማደሉን ሁሉም አይቷል፤ አሁን ግን ሁሉም ረስቶታል።

«አሸናፊዋ ጃርት ናት!» አሉ አባ ኤሊ። «በይ ልጄ፣ ምን እንስጥሽ?»

ጃርት አፏን ከፈተች። ቃሉ ከምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ያ ሁሉ ዓይን አያት። እሾኋ ተንኳኳ፤ ኮሽ ኮሽ ኮሽ!

እትዬ ሽኮኮ ከመሐል ብድግ አለች። ደግ ናት፤ ተንኮል አታውቅም። «ተዉአት፣ አታስጨንቋት!» አለች። «የምትፈልገውን እኛ ጎረቤቶቿ እናውቃለን። ስንት ዘመን ሙሉ ራሷ ላይ ስንጫወት በጥብጠናታል! ከዛሬ ጀምሮ አለቱን እንለቅላታለን። በደጇም ማንም አይለፍ!»

«ይጽና!» አለ ሸንጎው በአንድ ድምፅ። ጅብ እንኳ አልሳቀም።

ጃርት «አይ» ልትል ፈለገች። «አይ» አጭር ቃል ነው፤ ቢሆንም አልወጣም። ሁሉም እያጨበጨበ ሄደ። በማግስቱ ሽኮኮዎቹ ልጆቻቸውን አዝለው፣ እንዳይረብሿት በእግር ጣታቸው እየሄዱ፣ ወደ ሌላ አለት ተሻገሩ።

ከዚያ በኋላ ጠዋቱ ዝም አለ። ጃርት ማንም የማይሞቅበት አለት ላይ ወጥታ ብቻዋን ፀሐይ ሞቀች። እሾኋ አልተንኳኳም፤ የምትፈራው አልነበረም።

በጋ አለፈ፣ ክረምት አለፈ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጉሬዛ ካባው ተበጣጥሶ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ እየሮጠ መጣ።

«ደብቂኝ!» አላት። «እንግዳ ባትወጂም ደብቂኝ! ማንም የማያልፍበት ደጅ ያንቺ ብቻ ነው!»

«ከማን ነው የምትሸሸው?» አለችው።

«ከጎረቤት! ያን ቀን ቤቴ ቤታችሁ ነው አልኩ አይደል? ይኸው አመኑኝ። ጦጣ ከነልጆቿ ቅርንጫፌ ላይ ነች፣ ቆቅ ከነዘመዶቿ ከዛፌ ሥር ነች። እኔ መቼ ጎረቤት አማረኝ? ያ ቅል ነጭ ጠጠር ሰጠኝ እንጂ!» ትንፋሹን ሰብስቦ አያት። «አንቺማ ታድለሻል። ዕጣሽና ልብሽ ገጠሙልሽ።»

የጃርት እሾህ መንኳኳት ጀመረ፤ ኮሽ ኮሽ ኮሽ። ጉሬዛ ግን የሚሸሽበት ስለሌለው አልሸሸም።

«አልገጠሙም» አለችው። «ያን ቀን የተናገርኩት ዕጣዬን ነው እንጂ ልቤን አይደለም። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ልጠይቅ የነበረው ከሽኮኮዎቹ ጎን ተቀምጬ ፀሐይ ልሙቅ ብዬ ነው።»

አፍ የታደለውን ይናገራል፤ ልብን የሚያውቀው ግን ባለቤቱን የጠየቀ ብቻ ነው።