ጊቭ አፕ በወረዳው ቢሮ

የወረዳው አስተዳዳሪ አቶ ልሳነወርቅ ከሦስት ወር የውጭ አገር ሥልጠና በተመለሱ ማግስት አንድ ትእዛዝ አወጡ። ከእንግዲህ ባለጉዳይ ሁሉ አንድ የእንግሊዝኛ ጥያቄ ሳይመልስ አቤቱታው አይታይለትም። ጋብቻ ሊያስመዘግቡ የመጡ ሙሽሮች ፈተናውን ወድቀው ሳይጋቡ ተመለሱ። ላሙ የጠፋችበት ገበሬም የላሚቱን መልክ በእንግሊዝኛ መናገር አቅቶት ባዶ እጁን ሄደ።

አንድ ቀን ተራው የአንዲት ሸክላ ሠሪ ሆነ። አፈር የምታወጣበትን መሬት ጎረቤቷ አጥሮባት ሁለት ዓመት ተመላልሳለች፤ ያለዚያ አፈር ደግሞ የምትበላው የላትም። ድስት ለቱሪስት ስትሸጥ ግን ጥቂት ቃላት ለቅማለች።

«ጊቭ ምንድን ነው?» አሏት አስተዳዳሪው።

«መስጠት።»

«አፕስ?»

«ላይ።»

«ጊቭ አፕ ሲባልስ?»

«ወደ ላይ መስጠት ነዋ!»

አስተዳዳሪው ወንበራቸው እስኪንቋቋ ሳቁ። «ወደቅሽ! ጊቭ አፕ ማለት ተስፋ መቁረጥ ነው። በይ ውጪ!»

ሴትዮዋ ንቅንቅ አላለችም።

«ታዲያ ምኑን ተሳሳትኩ ጌታዬ? መጀመሪያ ለዘበኛው ዶሮ ሰጠሁ። ከፍ ብዬ ለጸሐፊዋ ማር ሰጠሁ። ከዚያም ከፍ ብዬ ለእርስዎ ሙክት አስገባሁ። ወደ ላይ ስሰጥ፣ ስሰጥ ይኸው ዛሬ ተስፋ ቆረጥኩ። እንግሊዞቹም ይህን ቃል ያገኙት እዚሁ ቢሮ ተሰልፈው መሆን አለበት።»

በረንዳው ላይ የተኮለኮለው ባለጉዳይ በሳቅ ፈነዳ። አቶ ልሳነወርቅ እንግሊዝኛቸውን ትተው አቤቱታዋን ስበው «አጥሩ ይፍረስ» ሲሉ በጥሩ አማርኛ ጻፉበት።