የዝምታ ሹም ደጅ

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። ትልልቆቹም ስሙ፤ ይኼ ተረት ከልጅ ይልቅ ለእናንተ ይበጃል።

ድሮ ድሮ፣ አያ አንበሳ በሚገዛው አንድ አገር እመት ቆቅ ትኖር ነበር። አውሬው ሁሉ ወንዝ ሲወርድ እሷ ኩይሳ ላይ ትቆማለች። አዳኝ ካየች ትጮኻለች፤ ያን ጊዜ የጠጣም ያልጠጣም ይሮጣል። የአገሩ ልማድ ይኸው ነበር።

አያ አንበሳ ደግሞ ቀትር ላይ መተኛት ይወዳል። አንድ ቀን ጩኸቷ ቀሰቀሰውና ተቆጣ። ሎሌው አያ ቀበሮ ምን ቢለው ጥሩ ነው?

«ጃንሆይ፣ አገር የሚረበሸው በአፍ ነው። አፍ ሁሉ በፈቃድ ይከፈት።»

አንበሳ ደስ አለው። አዋጅ አስነገረና ቀበሮን የዝምታ ሹም አደረገው። ከዚያ ወዲህ መናገር የፈለገ ሁሉ ቀበሮ ቤት ደጅ ይጠና ጀመር። ጅብ ለመሳቅ ደጅ ጠና። እንቁራሪት ለመጮኽ ደጅ ስትጠና ክረምቱ አለፈባት።

«አገሩ እንዴት ነው?» ይላል አንበሳ ሲነቃ።

«ሰላም ነው፣ ጃንሆይ፤ ዝም ብሏል» ይላል ቀበሮ።

ታዲያ አንድ ማለዳ እመት ቆቅ አዳኞች በወንዙ መንገድ ላይ ጉድጓድ ቆፍረው በቅጠል ሲሸፍኑ አየች። መንገዱ የንጉሡ ነው፤ የጫጩቶቿም ነው። ወደ ሹሙ ደጅ በረረች።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልናገር ፈልጌ ነበር።»

«ምን?»

«ስለ ወንዙ መንገድ…»

«ዝም በይ። ሳይፈቀድልሽ?»

«እንግዲያው ይፈቀድልኛ።»

«ነገሩን ሳላውቅ እንዴት ብዬ ልፍቀድ?»

«ልንገርዎት?»

«ሳይፈቀድልሽ?»

እመት ቆቅ አሰበች፣ አሰበች፤ መውጫ አጣችለት። «ነገ ተመለሺ» አላት ቀበሮ። «ንጉሡን የሚያስከፋ ነገር ከሆነ ደግሞ ከነገ ወዲያ።» ምን ታድርግ፣ ቤቷ ገብታ ጫጩቶቿን በክንፏ ሸፍና ከውሃ አስቀረቻቸው።

አመሻሽ ላይ አንበሳ ውሃ ጠማውና ወረደ። ቀበሮም ጭራ ጭራውን ተከተለ።

«አገሩ እንዴት ነው?»

«ሰላም ነው፣ ጃንሆይ፤ ዝም…»

ሁለቱም ጉድጓድ ገቡ።

አውሬው ሁሉ መጥቶ ጉድጓዱን ከበበ። እመት ቆቅም ከነጫጩቶቿ መጣች።

«ይኼን ጉድጓድ ያየ አልነበረም?» አለ አንበሳ ከታች።

ማንም አልመለሰም።

«ተናገሩ እንጂ።»

ሁሉም ቀበሮን አዩት። ቀበሮ ከዓይኑ አፈር እየጠረገ «ፈቃድ የሚሰጠው ደጄ ላይ ነው» አለ። ጉድጓድ ቢገባም ሹመቱ አልተሻረም።

ይኼኔ አዳኞቹ ጦራቸውን ይዘው ከዛፎቹ መሐል ብቅ አሉ። ቀድማ ያየቻቸው እመት ቆቅ ናት። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋች። ቁልቁል ንጉሡን አየችው።

«ጃንሆይ፣ ልጩኽ?»

«ጩኺ፣ እባክሽ ጩኺ» አለ አንበሳ። ንጉሡ «እባክሽ» ሲል የተሰማው ያን ቀን ብቻ ነው።

ጮኸች። ጅቡም እንቁራሪቷም ጫጩቶቿም አመለጡ። አንበሳም ጩኸቷን ጥርት አድርጎ ሰማ። ግን ከጉድጓድ ውስጥ ወዴት ይሮጣል? እኔ ለአንበሳው እንኳ አዝኛለሁ። ለቀበሮው አላዘንኩም።

ለዚህ ነው «የቆቅን አፍ ያሰረ፣ የገዛ ጆሮውን ደፈነ» የሚባለው። በሉ ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ ባታብሱት እንኳ፣ አትዝጉት።