ሐጂ ጀውሀር ወንዝ ተሻግረው ያደረሱት ፓወር ባንክ

የከተማዋን ስም ባልጠራ አንባቢ የሚያጣው ነገር የለም። በድንጋይ ግንብ የታጠረች፣ ጠባብ መንገዶቿ ሁሉ ዞረው ዞረው ከጀሚዕ መስጂዱ ደጅ የሚያደርሱ አሮጌ ከተማ ናት። እዚያ ሐጂ ጀውሀር የሚባሉ የሰባ አንድ ዓመት ነጋዴ ነበሩ። በወጣትነታቸው ፋኖስና የእጅ ባትሪ ሸጠዋል፤ ዘመኑ ሲለወጥ ደግሞ ቻርጀር፣ የስልክ ገመድና ፓወር ባንክ ወደ መሸጥ ገቡ። ዕቃው ቢለወጥም እሳቸው አልተለወጡም፤ እንከን ያለበትን ዕቃ እንከኑን ሳይናገሩ ሸጠው አያውቁም።

አንድ ክረምት የከተማዋ ትራንስፎርመር ተቃጠለና መብራት ጠፋ። ሐጂ ጀውሀር ከአንድ አዲስ አከፋፋይ አንድ ካርቶን ፓወር ባንክ አስመጡ። ሦስቱን በመስጂዱ ጀኔሬተር አስሞልተው ሰኞ ጠዋት ሸጡ። ሁለቱን ጎረቤቶቻቸው ወሰዱ። ሦስተኛውን የገዛችው ረውዳ የምትባል አዋላጅ ነርስ ናት። የምትሠራው ከወንዙ ማዶ ባለ የገጠር ጤና ጣቢያ ነው፤ የጣቢያው ሶላር ከተበላሸ ወር አልፎታል።

«አባባ ሐጂ፣ ስንት ቀን ያቆየኛል? ምጥ የጠናባት እናት ስትመጣ አምቡላንስ የምጠራው በዚህ ስልክ ብቻ ነው» አለቻቸው።

«ስልክሽን አራት ጊዜ ይሞላል ተብሏል፣ ልጄ። ኢንሻአላህ አያሳፍርሽም» አሏትና ዱዓ አድርገው ሸኟት።

ረቡዕ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ አንደኛው ጎረቤት ዕቃውን ይዞ መጣ። የቻርጁን መጠን የሚያሳዩት አራቱም መብራቶች ይበራሉ፤ ስልኩ ግን ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ይቆማል። ሐጂ ጀውሀር ወደ ጥገና ባለሙያው ወደ ኑረዲን ወሰዱት። ኑረዲን በቢላ ጫፍ ፈልቅቆ ከፈተው። ውስጡ አንዲት ቀጭን ባትሪ ነበረች፤ የቀረውን ቦታ የሞላው በላስቲክ የታሰረ አሸዋ ነው። ክብደቱ የእውነተኛ እንዲመስል።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ ሐጂ ጀውሀር፣ ሰው የሞተባቸው ያህል።

የጎረቤት ሱቅ ባለቤት የሆነው ሰልማን አጠገባቸው ቆሞ ነበር። «ሐጂ፣ ጥፋቱ የአከፋፋዩ ነው። እርስዎ አላወቁም» አላቸው።

«እስከ ዛሬ ዙህር አላወቅሁም ነበር። አሁን ግን አውቄአለሁ።»

«እንግዲያው ነርሷ ወደ ከተማ ስትመለስ ይቀይሩላታል።»

«ምጡስ እሷ እስክትመለስ ይጠብቃል?»

ደወሉላት። ስልኩ ዝግ ነው። ደገሙ፤ ዝግ ነው። ከዚያ በኋላ አልተቀመጡም። በሐጅ ጉዟቸው የተጠቀሙበትን፣ ሙሉ ቻርጅ ያለውን የራሳቸውን ፓወር ባንክ በላስቲክ ጠቅልለው ባጃጅ ያዙ። ዝናቡ እየወረደ ነበር። ወንዙ ጋ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ባጃጁ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ሹፌሩ እንዲመለሱ ለመናቸው። እሳቸው ጫማቸውን አውልቀው፣ ፓወር ባንኩን በጥምጣማቸው እጥፋት ውስጥ አስገብተው ወንዙ ውስጥ ገቡ። ውኃው ወገባቸው ደረሰ። እርምጃቸውን በከዘራቸው እየለኩ፣ «ያ ለጢፍ፣ ያ ለጢፍ» እያሉ ተሻገሩ።

ጤና ጣቢያው ሲደርሱ ረውዳ በር ላይ ናት፤ እጇ ላይ ደም አለ። ከሰዓት በኋላ የወለደች አንዲት እናት ደሟ አልቆም ብሏል። ስልኩ ከትናንት ጀምሮ ሞቷል። ወደ ከተማ በእግሩ የተላከው ሰው ለመድረስ ገና ሁለት ሰዓት ይቀረዋል።

«የሸጥኩልሽ ሐሰተኛ ነው፣ ልጄ። ይኸኛውን ያዢ» አሉ።

ረውዳ ገመዱን ሰካች። የስልኩ መስተዋት ጥቁር እንደሆነ ቆየ። የወላዷ ባል ግድግዳ ተደግፎ፣ ሐጂ ጀውሀር ከጢማቸው ውኃ እየተንጠባጠበ፣ ሁሉም እዚያች ትንሽ ጥቁር መስተዋት ላይ አፈጠጡ። «ሰላሳ ዓመት የቆምኩ መሰለኝ» ብላኛለች ረውዳ ታሪኩን ስትነግረኝ። ድንገት ስልኩ በራ። ወደ አምቡላንስ ደወለች። አነሱ።

አምቡላንሱ ወንዙን መሻገር ስለማይችል አራት ወንዶች ወላዷን በቃሬዛ ተሸከሙ። የወንዙን ጥልቅና ጥልቅ ያልሆነ ቦታ ገና አሁን የለዩት ሐጂ ጀውሀር ከፊት ከፊት እየመሩ፣ «በዚህ በኩል፣ ቀስ በሉ» እያሉ አሻገሯቸው። እናትየዋ ሆስፒታል ደረሰች፤ ደም ተሰጣት፤ ዳነች። አልሐምዱሊላህ።

ሐጂ ጀውሀር በማግስቱ ሁለቱን ጎረቤቶቻቸውን ክሰው፣ ካርቶኑን ሙሉ በአደባባይ በኑረዲን አስፈለቀቁት፤ ከተማው ሁሉ አይቶ እንዲጠነቀቅ። ሰልማንም ከዚያው አከፋፋይ ያመጣውን ከሱቁ አውጥቶ ክምሩ ላይ ጣለው።

በሳምንቱ ጁምዓ የወላዷ ባል አንድ ሙክት እየጎተተ ሱቃቸው ደጅ ቆመ። «አባባ፣ የሚስቴን ነፍስ ሰጥተውኛል፤ ይህን አይመልሱብኝ» አለ፤ እንባው እየወረደ።

ሐጂ ጀውሀር ተነሥተው አቀፉት። ሙክቱን ግን አልተቀበሉም።

«ነፍስ የሚሰጠው አላህ ነው። እኔ ደግሞ የመለስኩት የነርሷን ሐቅ ነው፤ ሐቅን መመለስ ስጦታ አይደለም።»

ይህን ንግግር ከሰማሁ ጀምሮ ልቤ አላረፈም፤ በደስታም በእፍረትም። ስንቶቻችን ነን የሰው ሐቅ ይዘን ቆይተን፣ በመለስን ቀን ሰደቃ እንዳወጣ ሰው ምስጋና የምንጠብቅ? እኚህ አዛውንት በጎርፍ ውስጥ አልፈው እንኳ ለራሳቸው አንድ የምስጋና ቃል አላስቀሩም። ኢኽላስ ማለት ይህ ይመስለኛል፤ ግዴታውን በሙሉ ጉልበቱ ተወጥቶ፣ ግዴታ ነው ብሎ ዝም ማለት። አላህ ሐቃችንን ሳንጠየቅ የምንመልስ ያድርገን።