እመት አህይትና አልወጣ ያለው ዲስክ

አንድ ጊዜ፣ አህያ ኮምፒውተር በነበራት ዘመን፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለ በረት ውስጥ እመት አህይት የምትባል እናት አህያ ትኖር ነበር። አህያ ኮምፒውተር ከየት አመጣች ብላችሁ አታስጨንቁኝ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» ሲል ዝም ብላችሁ የሰማችሁ ሰዎች፣ ይህንንም ዝም ብላችሁ ስሙ።

እመት አህይት ዳልቻ የሚባል አንድ ልጅ ነበራት። ባለፈው በጋ ጨው ነጋዴዎች መጥተው ከጭነት ከብቶቻቸው ጋር አቆራኝተው ወደ ጨው አገር ይዘውት ወረዱ። ከዚያ ወዲህ የእናቲቱ ነገር አይነሳ። ከሥራ ስትገባ የጀርባዋ ጭነት ይራገፍላታል፤ የልጇ ናፍቆት ግን የሚያራግፍላት አጥቶ አብሯት ያድራል።

አንድ ቀን ከቆላ የመጣ ሽመላ የበረቱ ጣሪያ ላይ አረፈ።

«ዳልቻን አየሁት» አላት።

«ልጄን? ደህና ነው?»

«ደህና ነው ብዬ አልዋሽሽም። ጭድ ሲያቀርቡለት ትቶት ይቆማል። ከስቷል። ከሥራ ሲፈታ ወደ ደጋው ዞሮ ጆሮውን ያቆማል፤ የሚሰማው ግን የቆላ ነፋስ ብቻ ነው። ‹የአገሬ ድምፅ እየጠፋብኝ ነው› አለኝ። እመት አህይት፣ አህያን ጭነት አይገድለውም፤ ልጅሽን የሚገድለው ይሄ ነው።»

«ምን ላድርግ ታዲያ? ልሂድ ብል ጉልበቴ ግማሽ መንገድ አያደርሰኝም።»

«የአገሩን ድምፅ ላኪለት። መንጋችን ወደ ቆላ ሲመለስ እኔ አደርሳለሁ። እዚያ ያለው ግመል ኮምፒውተር አለው፤ እሱ ያሰማዋል።»

እመት አህይት የጦጣን ስልክ ተውሳ አገሩን ዞረች። ወፍጮው ሲያጓራ ቀዳች። ከወፍጮው በታች የሚወርደውን ወንዝ ቀዳች። ከዝናብ በኋላ የሚንጫጩትን እንቁራሪቶች፣ ጎህ ሲቀድ የሚጮኸውን አውራ ዶሮ፣ ጥርሱ ያለቀውን የዳልቻን አጎት ሳይቀር «እስቲ አናፋልኝ» ብላ ቀዳች። ሁሉንም ሰኮና በምታክል ሃርድ ዲስክ ላይ አጠራቀመችው። ጦጣ ዛፍ ላይ ሆና የቀረጸችው፣ ዳልቻ ከአገር ሲወጣ የሚያሳይ ፊልምም እዚያው ዲስክ ላይ ነበር።

ይሄኔ ቀበሮ መጣች። እመት ቀበሮ የኮምፒውተር ሐኪም ነኝ ባይ ናት፤ መቼም ማወቁን ታውቃለች።

«ኮምፒውተርሽ አርጅቷል እኮ! አዲስ ሲስተም ልጫንልሽ፤ ሁሉም ነገር ጥርት ይልልሻል» አለቻት።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው። እመት አህይት እሺ አለች፤ ቀበሮም አዲሱን ሲስተም ጫነችና ሄደች።

ሽመሎቹ የሚነሱበት ቀን ደረሰ። ፀሐይ ስትወጣ ሽመላው በበረቱ በር ቆሞ ይጠብቃል፤ መንጋው ከወንዙ ማዶ ተሰብስቧል። እመት አህይት በሰኮናዋ «ዲስኩን አውጣ» የሚለውን ተጫነች። ኮምፒውተሩ እንዲህ የሚል ጽሑፍ አወጣ፦ «ዲስኩ በሥራ ላይ ነው፤ ማውጣት አይቻልም።»

እንደገና ተጫነች። ያው ነው። ትንሽ ቆይታ ሞከረች። አሁንም ያው ነው። የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል።

«ኧረ በገዛ ዲስኬ ማን ነው ሥራ የያዘው?» ብላ ጮኸች።

ጩኸቷን ሰምቶ አያ ጅቦ ብቅ አለ። ጅብና አህያ ጎረቤት ናቸው ማለት ወዳጅ ናቸው ማለት አይደለም፤ ያን ዕለት ግን ጠግቦ ነበር። አንገቱ ላይ ባዶ ዲስክ በገመድ አንጠልጥሏል።

«ምን ያስጮህሻል? ንቀይው!» አለ። «ጨምድዶ ይዞ አንዴ መመንጨቅ ነው! እኔ የአያቴ ሳቅ ያለበትን ዲስክ እንዲህ አድርጌ ነው የነቀልኩት።»

«ሳቋ ታዲያ አለ?»

«ሳቋማ ጠፋ። ዲስኩ ግን ወጣ!»

ይህን ብሎ ኮራ። ቀጥሎ ግን ባዶውን ዲስክ በእግሩ ይነካካው ጀመር።

«እንዴት ያለ ሳቅ ነበራት መሰለሽ» አለ ቀስ ብሎ። «እሷ ስትስቅ ሸለቆው ሁሉ ይስቅ ነበር። አንዳንዴ ትዝ ሊለኝ ይልና መልሶ ይጠፋብኛል። ዲስኩን ባወልቀው ደግሞ ጭራሽ የሚጠፋብኝ ይመስለኛል።» እንደገና ቀና አለ። «አሁንም እልሻለሁ፣ ንቀይው!»

የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ ይሄኛው ነክሶም ጥርሱ ተሰብሮም አልተማረም። እመት አህይት ጀርባዋን ለኮምፒውተሩ አድርጋ ቆመችና «አያ ጅቦ፣ እባክህን እዚያ በር ላይ ቁጭ በል፤ እንዳትነካብኝ» አለችው። ቁጭ አለ። ቀበሮንም አስጠራች።

ቀበሮ ገብታ ስክሪኑን አየች። ከግርጌው ጥግ ላይ አንዲት ጥፍር የምታክል ምስል ታጥፋ ተቀምጣለች። ቀበሮ በአንድ እይታ ነገሩ ገባት። ግን ደግሞ ቤቷ ውሃ አልነበራትም፤ ምንጩም ቁልቁለት ነው።

«ውይ ውይ ውይ» አለች ራሷን እየነቀነቀች። «ከባድ በሽታ ነው። አጥፍቼ ማስነሳት አለብኝ። እስከዚያ አንድ እንስራ ውሃ ቅጂልኝ፤ ሐኪም ሲጠማ እጁ ይንቀጠቀጣል።»

«ታዲያ ጠፍቶ ሳለ ብነቅለውስ?»

«ወየው ጉድሽ! አዲሱ ሲስተም ‹ጠፋሁ› ሲል መች ይጠፋል? ያንቀላፋል እንጂ። የዲስኩን መብራት አታዪውም? ስክሪኑ ጨልሞም ይጠቅሳል። በእንቅልፉ የነቀልሽው እንደሆን የአያ ጅቦ ዕጣ ይደርስሻል።»

ይሄ እውነት ነበር። ቀበሮ ስትዋሽ እውነት ቀላቅላ ስለሆነ ነው የሚያምኗት።

እመት አህይት ቁልቁለቱን ወርዳ፣ ውሃውን ተሸክማ፣ ዳገቱን እያለከለከች ወጣች። ቀበሮ እግሯን ዘርግታ ተኝታ ጠበቀቻት።

«ወጣ?»

«አልወጣም። ሲስተሙ እልኸኛ ነው። እንደገና አስነሳዋለሁ፤ እስከዚያ ትንሽ እንጨት ብትለቅሚልኝ…»

እንጨቱንም አመጣች። አሁንም አልወጣም። አየሩ እየሞቀ ሄደ፤ ሽመሎቹም ሙቀቱን ይዘው እየተሽከረከሩ ከፍ፣ ከፍ ማለት ጀመሩ።

«እመት አህይት፣ ይቅር በይኝ» አለ ሽመላው ክንፉን እያነሳ። «መንጋዬ እየሄደ ነው። ብቻዬን በረሃ መሻገር አልችልም።»

«ጥቂት! ጥቂት ብቻ ታገሠኝ!» አለች። ላቧ በጆሮዋ ሥር ይወርዳል። «ልጄ ጭድ ካልበላ ሌላ በጋ አያይም።»

ይሄን ጊዜ በር ላይ የተቀመጠው አያ ጅቦ አፉን ከፈተ።

«እመት አህይት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ? እሷ ኮምፒውተሩን ባስነሳችው ቁጥር ልጅሽ ብቅ የሚለው ለምንድን ነው?»

«የቱ ልጄ?»

«ዳልቻ ነዋ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ማንም ሳይነካው ብቅ ይልና መንገድ ላይ ይቆማል። እሷ ደግሞ በጥፍሯ ወደ ታች ታወርደዋለች። ከዚያ ‹አልወጣም› ትልና ትተኛለች። እኔ እንኳ የማየው፣ መቼም የሚበላ ነገር ይመጣል ብዬ ነው።»

ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠረገች። እመት አህይት ወደ ስክሪኑ ቀርባ ጥግ ላይ ያለችውን ምስል ነካች። ምስሏ ሰፋች። ዳልቻ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ፣ አንድ እግሩን አንስቶ ቆሟል።

እሷ ናት እንዲህ ያቆመችው። በየቀኑ ከሥራ ስትገባ ይህን ፊልም ትከፍታለች። ልጇ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ታቆመዋለች፤ ካለፈ የሚሰወርባት ይመስላታላ። የሰው ኮቴ ስትሰማ እንባዋ እንዳይታይባት ፊልሙን ሳትዘጋ ወደ ታች ታጥፈዋለች። አሮጌው ሲስተም ሲያጠፉት ሁሉን ይረሳ ነበር። አዲሱ ግን አይረሳም፤ በተነሳ ቁጥር እመቤቴ የተወችው ይሄን ነው ብሎ ያንኑ ፊልም መልሶ ይከፍትላታል። ፊልሙ ደግሞ ያለው ዲስኩ ላይ ነው።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው» አለች። «ሲስተሙን ስወቅስ ዋልኩ። ዲስኩን የያዝኩት ለካ እኔ ነኝ።»

«ዝጊዋ እንግዲህ!» አለ ሽመላው።

ሰኮናዋን አነሳች። አልቻለችም። እግሯ በአየር ላይ ቀረ። ብትዘጋው ልጇን ሁለተኛ የምትሸኘው መሰላት፤ አንዱን ሽኝት መቼ ቻለችው? ያን ዕለት እንኳ ሲሄድ ላለማየት ራሷን ግርግም ውስጥ ደፍታ ነበር የቆየችው።

«እስከ መጨረሻው ልየውና እዘጋዋለሁ» አለች፤ ፊልሙንም ለቀቀችው።

ዳልቻ ያነሳውን እግር አሳረፈ። መታጠፊያውን አለፈ። ከዚያ ቆመ። ነጋዴው በዱላ ጎሸመው፤ እሱ ግን ፊቱን ወደ በረቱ አዙሮ በሙሉ ድምፁ ተጣራ፦

«እማዬ! አንድ ጊዜ አናፊልኝ! ድምፅሽን ይዤ ልሂድ!»

ጆሮዎቹን አቁሞ ጠበቀ። ነጋዴው ደገመው፤ አልተንቀሳቀሰም። ማንም አልመለሰለትም። በመጨረሻ ጆሮዎቹ ተራ በተራ ወደቁና ዞሮ ሄደ። ፊልሙ አለቀ።

አያ ጅቦ እንኳ የሚበላ ነገር መፈለጉን ተወ።

«ጠርቶኝ ነበር» አለች እመት አህይት። «ልጄ ጠርቶኝ ነበር፤ እኔ ግርግም ውስጥ ተደብቄ አልሰማሁትም። አሁን ደግሞ የወፍጮውን ድምፅ ለቀምኩለት፣ የእንቁራሪቱን ለቀምኩለት። የለመነኝን አንዱን ግን ሳልቀዳ ልልክለት ነበር።»

ሽመላው ወደ ሰማይ አየ። ከመንጋው የቀረው ጭራው ብቻ ነው። ቢሆንም ክንፉን አጠፈ።

«ቶሎ በይ» አላት።

እመት አህይት የኮምፒውተሩን መቅጃ ከፈተች፤ አንገቷን ዘረጋች፤ አናፋችም። አህያ ሲያናፋ ሰው ይስቃል። ያን ዕለት የሰማት ግን አልሳቀም። በወፍጮ ቤቱ ደጅ የቆሙት አህዮች ሁሉ ጭነታቸውን እንደተሸከሙ ራሳቸውን ቀና አደረጉ። አያ ጅቦ ባዶ ዲስኩን በመዳፉ ጨብጦ ወደ ውጭ ወጣ፤ ምን እንደነካው እሱም አላወቀም።

ድምፁን ዲስኩ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ የልጇን ፊልም፣ በገዛ ሰኮናዋ፣ አላጠፈችውም፤ ዘጋችው። «ዲስኩን አውጣ» የሚለውን ተጫነች። መብራቱ አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ። «ዲስኩን ማውጣት ይችላሉ» አለ ኮምፒውተሩ።

ሽመላው ዲስኩን በመንቆሩ ነክሶ ሙቀቱን ይዞ ወጣ። ከመንጋው እስኪደርስ ድረስ በዓይኗ ሸኘችው፤ እስኪሰወርም አየችው።

«እኔ እኮ ከመጀመሪያውም አውቄው ነበር» አለች ቀበሮ ከኋላዋ።

እውነቷን ነው። ጥፋቷም እሱ ነው። እመት አህይት እንስራው ላይ አንገቷን ደፍታ የቀበሮን ውሃ እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

ወራት አልፈው ሽመላው ተመልሶ ጣሪያው ላይ ሲያርፍ፣ እንዴት ከረምክ ሳትለው «በላ?» አለችው።

«መጀመሪያ መለሰልሽ» አላት ሽመላው። «ድምፅሽን እንደሰማ ወደ ደጋው ዞሮ ጉሮሮው እስኪነቃ አናፋ። ከዚያ በላ።»

ከዚህ የምንማረው፣ አልለቅ ያለንን ነገር በጉልበት ከመጎተታችን በፊት ይዘን የቀረነው እኛው እንዳንሆን ራሳችንን ማየት እንደሚገባን፣ ለምንናፍቀው ሰውም የአገሩን ሁሉ ድምፅ ስንሰበስብ የራሳችንን እንዳንነፍገው ነው።