ወፍራሟ መስመርና ቀጭኗ መስመር

አንድ ቀን ደሴ ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች ናሁሠናይ ለሚባል ወጣት ሚስት ሊለምኑ አቶ መንገሻ ቤት ገቡ። ከዚያ በፊትም ሄደው «እስቲ እናስብበት» ተብለው ተመልሰዋል። ደንቡን መቼም ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ ልመናው ካልተሰማለት አይቀመጥም፣ ቁጭ አለ ማለት ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው። አቶ መንገሻ ደግሞ፣ እግዜር ይይላቸውና፣ ሰው ማስቆም ይወዳሉ። ያን ዕለት ጭራሽ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለ ሥዕል ጠቆሙ። ነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም የተሠመሩ መስመሮች ናቸው፤ ፊት የለው፣ ዛፍ የለው።

«ይሄን የሣለችው ልጄ ውባለም ናት። ሥዕሏ ላልገባው ወገን ልጄን አልሰጥም! ምን ይላል?»

አንደኛው ሽማግሌ አንገታቸውን አዘንብለው «ተራራ መሰለኝ» አሉ።

«ተራራ! ወይ ጉድ!»

ሁለተኛው «ዶሮ የጫረችው...» ብለው ሲጀምሩ ሦስተኛው ሽማግሌ ጋሽ አርጋው በክርናቸው ጎሰም አደረጓቸው።

«ይሄ ረቂቅ ሥዕል ነው!» አሉ አቶ መንገሻ። «የሚታየው ስሜቱ ነው። እኔ አባቷ እያንዳንዷን መስመር አውቃታለሁ። እናንተ ካልገባችሁ ግን በሰላም ወደየቤታችሁ ግቡ።»

ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ውባለም ጆሮዋን ጣል አድርጋ ታዳምጣለች። ጋሽ አርጋው ወደ ሥዕሉ ተጠጉ።

«አቤት ሲያምር! ይቺን ወፍራሟን ይዩልኝ። ብዕሩን ተጭና ነው የሣለቻት፤ ቀጥ ብላ ቆማለች፣ ንቅንቅ አትልም። ይቺ ቀጭኗ ደግሞ ከታች እየተንቀጠቀጠች ትመጣለች። ወፍራሟን ጠጋ ትላለች፣ ትመለሳለች፣ ደግሞ መጥታ ትለማመጣለች።»

«እሰይ! እሱን እኮ ነው የምለው!» አሉ አቶ መንገሻ፤ ደስታቸው ልክ አጣ። «ይቀጥሉ!»

«እዚህ ጋ ስትደርስ መለመኑ ሰለቻት። መንቀጥቀጡን ተወችና በጎን ዞራ፣ ፈጠን ብላ ከወረቀቱ ወጣች።»

«ወዴት?»

«እሱንማ አባቷ ይንገሩን እንጂ! ወፍራሟ እርስዎ ነዎት፣ ቀጭኗ ልጅዎ። እኛ የመጣነው በጎን ሳይሆን በበሩ፣ ተመርቃ እንድትወጣ ልንለምን ነው።»

ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅ አመለጠ። አቶ መንገሻ ሥዕሉን አዩ፣ መጋረጃውን አዩ፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹን ተቆጡ፦

«ታዲያ ምን ይገትራችኋል? ቁጭ በሉ እንጂ!»