አልወርድም ያለው ውሃ

እስቲ ስሙኝ። ነገሩ ሆኗል ብዬ አልምልም፣ አልሆነም ብላችሁም አልከራከራችሁም። ጋሽ ዘርጋው የሚባል የዕድር ጡሩምባ ነፊ ነበረ። ሰፈር ውስጥ ሰው በሞተ ቁጥር ጎህ ሲቀድ ይነሳና ጡሩምባውን እየነፋ፣ "አቶ እገሌ አርፈዋልና ቀብር ውጡ!" እያለ ይዞራል። ምን እንደገደላቸው አይናገርም፤ ደንቡ አይደለም። በተለይ እነዚያ እየከሱ፣ እያጎነበሱ፣ ሽንት ቤት ገብተው እየቆዩ የሄዱት ወንዶች፣ ቤተሰብ ሲጠየቅ፣ ሁሉም የሞቱት "በአጭር ሕመም" ነው። ወይ አጭር ሕመም! ስንቱን ዓመት ሲያሰቃያቸው የኖረውን።

አንድ ማለዳ ጋሽ ዘርጋው አንዲት ትንሽ ነገር ፈለገ፤ ሽንቱን መሽናት። ጓሮ ቆመ፣ ጠበቀ፣ አማጠ። ጠብ የሚል የለም።

"ምነው ውሃዬ፣ ውረድ እንጂ" አለ።

ከእምብርቱ በታች ቀጭን ድምፅ መለሰለት። "አልወርድም። እጢው በሩን ዘግቶብኛል።"

ጋሽ ዘርጋው ዙሪያውን ቢያይ ማንም የለም። ሚስቱ ወይዘሮ አጸደ ከቤት ውስጥ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?" አለችው።

"ከማንም።"

"ታዲያ የመለሰልህ ማነው?"

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አንተ እጢ፣ ልቀቀው እባክህ" አለ። እጢው ከእንቅልፉ እንደተቀሰቀሰ ሰው ዘግየት ብሎ መለሰ። "አልለቅም። ስንቱን ስዘጋ ማን ጠየቀኝ? ሐኪም ካልነካኝ አልለቅም።" እጢው አልለቅም አለ፣ ውሃው አልወርድም አለ፣ ጋሽ ዘርጋውም ሆዱን ይዞ ተቀመጠ።

ወይዘሮ አጸደ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሟ ዶክተር ሶስና ለጊዜው ቱቦ አስገብታ ከረጢት አንጠለጠለችለት። ተነፈሰ። ግን የሸናው ቱቦው እንጂ እሱ አይደለም።

"አባባ፣ የፕሮስቴት ካንሰር ይመስለኛል" አለችው።

"ቀስ በይ ልጄ፣ ሰው ይሰማል!"

"ቢሰማ ምናለበት? ይሄ ቱቦ ለጊዜው ነው። እጢው ካልታከመ ይገድልዎታል። እኔ ደግሞ በጭፍን አልነካዎትም፤ የመመርመሪያው መሣሪያ ይነሳና ውስጡን ያሳየኝ።"

መሣሪያው ጨለምለም ያለ ክፍል ውስጥ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ተኝቷል። ጋሽ ዘርጋው የጨርቁን ጫፍ ገለጥ አደረገና ለመነው። መሣሪያው ሳይንቀሳቀስ፣ "አልነሣም። ዓይኔና መርፌዬ መጋዘን ተቆልፎባቸዋል። መጋዘኑ ካልተከፈተ በምን አያለሁ?" አለው። መሣሪያው አልነሣም አለ፣ ሐኪሟ አልነካም አለች፣ እጢው አልለቅም አለ፣ ውሃው አልወርድም አለ።

ከረጢቱን በጋቢው ሸፍኖ መጋዘን ሄደ። ትልቅ የብረት በር ነው። በመዳፉ ቢመታው በሩ ከውስጥ መልሶ መታው፣ በዚያው ልክ። ጋሽ ዘርጋው እጁን ሰበሰበ።

"አልከፈትም" አለ መጋዘኑ። "የፕሮስቴት ካንሰር ግብረ ኃይል ተቋቁሞ ይዘዘኝ።" መጋዘኑ አልከፈትም አለ፣ መሣሪያው አልነሣም አለ፣ ሐኪሟ አልነካም አለች፣ እጢው አልለቅም አለ፣ ውሃው አልወርድም አለ።

ግብረ ኃይሉን ፍለጋ ትልቁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገባ። ጥበቃው ወደ አንድ አዳራሽ ጠቆመው። ረጅም ጠረጴዛ አለ፣ ፕላስቲካቸው ያልተቀደደ ወንበሮች አሉ፣ ሰው የለም። "ቤቶች!" ብሎ ተጣራ። ወንበሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ እሱ ዞር አሉ። ሸሽቶ አይሮጥ ነገር፣ ከረጢት አንጠልጥሏል።

"ማንን ነው?" አለ ከባዶዎቹ ወንበሮች የወጣ ድምፅ።

"ግብረ ኃይሉን።"

"እኔ ነኝ። ግን ገና አልተወለድኩም። ማኅተም ካላረፈብኝ አልወለድም።" ድምፁ የሕፃን ነው፣ ንግግሩ ግን የስብሰባ። ግብረ ኃይሉ አልወለድም አለ፣ መጋዘኑ አልከፈትም አለ፣ መሣሪያው አልነሣም አለ፣ ሐኪሟ አልነካም አለች፣ እጢው አልለቅም አለ፣ ውሃው አልወርድም አለ።

ማኅተሙ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ አፉ በቀለም ረጥቦ። ጸሐፊዋ ዞር እስክትል ጠበቀና፣ "እባክህ እረፍ" አለው።

"አላርፍም" አለ ማኅተሙ። "ፊርማ የሌለበት ላይ አርፌ አላውቅም። ኃላፊውን አስፈርም።" ማኅተሙ አላርፍም አለ፣ ግብረ ኃይሉ አልወለድም አለ፣ መጋዘኑ አልከፈትም አለ፣ መሣሪያው አልነሣም አለ፣ ሐኪሟ አልነካም አለች፣ እጢው አልለቅም አለ፣ ውሃው አልወርድም አለ።

ኃላፊው አቶ ልዑልሰገድ የዚያው ሰፈር ሰው፣ የዚያው ዕድር አባል ነው። "ጋሽ ዘርጋው! ምን እግር ጣለዎት?" ብሎ ተነስቶ ተቀበለው።

"ስለዚያ ነገር ነበር፣ ጌታዬ።"

"ስለ የቱ?"

"ስለ... ወንዶቹ ሕመም።"

ኃላፊው ሄዶ በሩን ዘጋ። "እንዲህ ያለ ነገር በስብሰባ ላይ እንዴት ይነሳል? ደግሞስ ማን ሞተበት? በሰፈራችን የሚሞተውን የሚጠሩት እርስዎ ነዎት። አንድ ሰው በዚህ ሞተ ብለው ጠርተው ያውቃሉ?"

ጋሽ ዘርጋው ጠርቶ አያውቅም።

"አዩ! ሟች ለሌለው በሽታ ግብረ ኃይል አይቋቋምም። አልፈርምም" አለና ኃላፊው ተጣድፎ ሽንት ቤት ገባ። ጋሽ ዘርጋው ቆሞ ጠበቀው። ከወዲያ በኩል ምንም የሚወርድ ድምፅ አልተሰማም። ሰውየውም ቶሎ አልወጣም።

ኃላፊው አልፈርምም አለ፣ ማኅተሙ አላርፍም አለ፣ ግብረ ኃይሉ አልወለድም አለ፣ መጋዘኑ አልከፈትም አለ፣ መሣሪያው አልነሣም አለ፣ ሐኪሟ አልነካም አለች፣ እጢው አልለቅም አለ፣ ውሃው አልወርድም አለ። ጋሽ ዘርጋው ፈራ። መሞት ፈራ። ከመሞቱ በላይ ደግሞ እሱም "በአጭር ሕመም" ተብሎ መቀበሩን ፈራ።

ቀኑ ሲዳምን ወደ መካነ መቃብሩ ሄደና መሐል ላይ ቆመ። "እናንተ ወንዶች፣ መስክሩልኝ። የገደላችሁን ተናገሩ" አለ። ከመሬቱ ሥር ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እግር የመቀያየር ድምፅ መጣ፣ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች የሚያሰሙት ዓይነት።

"አንናገርም" አሉ ሙታኑ። "ከነሐፍረታችን ነው የገባነው፤ አሁንማ አፋችን አፈር ነው። አፍ ያለህ አንተ ነህ። ስማችንን ጠራህ፣ ገዳያችንን ዋጥከው። ካልጠራኸው አንናገርም።"

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጋሽ ዘርጋው ከኃላፊው አጥር ፊት ቆሞ ጡሩምባውን ነፋ። የዕድሩ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ የድንኳኑን ቋሚ ተሸክሞ ወጣ።

"አቶ ቸርነት፣ እንጨት ነጋዴው፣ በፕሮስቴት ካንሰር አርፈዋልና ቀብር ውጡ!"

ሰዉ ተያየ። "ቸርነት? ቸርነት ከሞተ ስንት ጊዜው!"

"ሾፌሩ አቶ ደባልቄ፣ በፕሮስቴት ካንሰር አርፈዋልና ቀብር ውጡ!"

ድንኳን ተካዮቹ ቋሚውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ሬሳ የለም፣ ጥሪው ግን አያቆምም። ስም በተጠራ ቁጥር ከወደ መቃብሩ አንድ ረጅም ትንፋሽ ይመጣል፤ ሁሉም ሰምቶታል። የቸርነት ሚስት እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለችና፣ "እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው! ለልጆቹ እንዳልነግር አስምሎኝ!" ብላ ጮኸች። ልጆቿ አባታቸው ዛሬ የሞተ ያህል አለቀሱ።

"አቶ ወልደሰማያት፣ የአቶ ልዑልሰገድ አባት፣ በፕሮስቴት ካንሰር አርፈዋልና ቀብር ውጡ!"

በግቢው ውስጥ መብራት በራ። ጋሽ ዘርጋው ትንፋሹ አልቆ ጥቂት ቆመ። የሚቀረው አንድ ስም ነው፤ የራሱ። በገዛ አፉ ሊጠራው ቆርጦ ነበር። ጡሩምባውን አነሳ።

ይህን ጊዜ በሩ ተበርግዶ አቶ ልዑልሰገድ በባዶ እግሩ፣ በሌሊት ልብሱ ወጣ። "ጋሽ ዘርጋው! በፈጠረዎት! የኔን ስም አይጥሩ! እፈርማለሁ!"

ጋሽ ዘርጋው ሞኝ መሰላችሁ? ጡሩምባውን ከአፉ ዝቅ አላደረገም።

ወይዘሮ አጸደ ቀረብ አለችና በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት፣ "አንተስ ልጄ፣ ይወርድልሃል?" ብላ ጠየቀችው።

አቶ ልዑልሰገድ አንገቱን ደፋ። "አይወርድም፣ እማማ" አለ፣ ድምፁ እየተሰበረ። ከሰዉ መሐል አንድ ሽማግሌ፣ "የኔም አይወርድም" አለ። ሌላው ቀጠለ። ሌላውም።

በዚያው ቀን ኃላፊው ፈረመ። ኃላፊው ቢፈርም ማኅተሙ አረፈ፣ ማኅተሙ ቢያርፍ ግብረ ኃይሉ ተወለደ፣ ግብረ ኃይሉ ቢወለድ መጋዘኑ ተከፈተ፣ መጋዘኑ ቢከፈት መሣሪያው ተነሣ፣ መሣሪያው ቢነሣ ሐኪሟ ነካች፣ ሐኪሟ ብትነካ እጢው ለቀቀ። አዳራሹ ውስጥ ፕላስቲኩ ተቀዶ ሰዎች ተቀመጡ፤ ከመሐላቸው አንደኛው የቸርነት ልጅ ነው። ዶክተር ሶስናም፣ "ክትትሉ ገና ነው አባባ፣ እንዳይቀሩብኝ" ብላ ቱቦውን አወጣችለት።

ጋሽ ዘርጋው ጓሮው ቆመ። ወይዘሮ አጸደ ከግድግዳው ኋላ ትንፋሿን ይዛ ታዳምጣለች።

"ውሃዬ?" አለ።

"መጣሁ" አለ ውሃው፣ ወረደም። አጸደ እልልታዋን አቀለጠችው፣ እንባዋም አብሮ ወረደ። እልልታው ሲያበቃ ከወደ መካነ መቃብሩ ሌላ ድምፅ ተሰማ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ ወንዝም በዚያ አያልፍም። ግን ከመሬቱ ሥር፣ እዚህም እዚያም፣ ብዙ ውሃ ለረጅም ጊዜ ወረደ። ተረቴ ይኸው ነው፤ ያላመነ ማለዳ ሄዶ ጆሮውን መሬቱ ላይ ያድርግ።